ስለ ምግብ ማብሰል ውድድርና ስለ ትልቅ ሽልማት፤ ከአሸናፊው ሽልማት በፊት የተሸናፊውን ወጪ ማስላት እንደሚገባ



በበዓል ሰሞን በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ባዛር በሚከፈትበት ጊዜ፥ ከዕቃው ሽያጭ ጎን አንዳንድ ጊዜ የምግብ ማብሰል ውድድር ይደረጋል። ውድድሩ ገበያተኛውን ያስደስታል፤ ባለሙያውን ያስተዋውቃል፤ ለሥጋ ነጋዴው፥ ለከሰል ሻጩና ለመጠጥ ቤቱም ገበያ ያመጣል። ስለዚህ ነጋዴዎች ለሽልማቱ ገንዘብ እንዲያዋጡ በደብዳቤ ይጠየቃሉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በቅርቡ ለአሠሪዬ ደረሳቸው። የሚጠይቀውም በአንድ ታላቅ የጥብስ ውድድር አንደኛ ለሚወጣው ሰው የሚሰጥ 100,000 ብር ነበር። አሠሪዬም ደብዳቤውን ወደ ጠረጴዛዬ አምጥተው፥ «ብሩን መስጠት አይከብደኝም፤ ነገር ግን ብሩ በከተማችን ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ አልፈርምም። አጥንተህ አስረዳኝ» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው ካቀረብሁት ማስታወሻ የተዘጋጀ ነው፤ ሌሎችም አባሎች ተመሳሳይ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ይጠቅማቸው ይሆናል በሚል ሐሳብ እነሆ ቀርቧል።

ጥናቱን ስጀምር በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ ከዓመታት በፊት ያየሁት ነገር ነው። ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንደኛዋ፥ በትንሽ ባዛር ላይ በተደረገ የጥብስ ውድድር የተወዳዳሪዎቹን መዝገብ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። የመግቢያው ዋጋ 50 ብር፥ ሽልማቱም አንድ በግና አንድ ትልቅ ድስት ነበር። ያሸነፉት በአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ለሹፌሮችና ለረዳቶች ምግብ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ይዘውት የመጡት አንድ ምድጃ፥ አንድ ሸክላና ግማሽ ጆንያ ከሰል ብቻ ነበር። በሚከተለው ዓመት አንድ ድርጅት ብዙ ገንዘብ ሰጠ፤ ሽልማቱ አደገ፤ መግቢያውም 2,000 ብር ሆነ። ከሌላ ከተማ ደመወዝተኛ ወጥ ቤቶች ረዳቶቻቸውን አስከትለው በመኪና መጡ። እኚያ እናት ወደ መዝገቤ ቀርበው ዋጋውን ከጠየቁኝ በኋላ፥ «ልጄ፥ ይህ እኮ የሳምንት ሥጋ መግዣዬ ነው» ብለው ተመለሱ። በሦስተኛው ዓመት ድርጅቱ ገንዘቡን አቋረጠ፤ የድሮዎቹ ተወዳዳሪዎችም ተበትነው ስለ ነበር ውድድሩ ራሱ ቀረ። ትልቁ ሄደ፤ ትንሹም አልተመለሰም።

1ኛ. በሌላ አገር የታየው ምሳሌ

ይህ ነገር በእኛ ዘንድ ብቻ የታየ አይደለም። የሥጋ ጥብስ ውድድር እንደ ትልቅ ንግድ የተስፋፋው በአሜሪካ ነውና፥ የዚያው አገር ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። እነርሱ ባርቤኪው የሚሉት በእንጨት ጢስና በዝግተኛ እሳት ለብዙ ሰዓት የሚበስለውን ሥጋ ነው። በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያው የባርቤኪው ውድድር ሲደረግ፥ ቦታው በአንድ ቲያትር ቤት አጠገብ የሚገኝ ባዶ መሬት፥ ተወዳዳሪዎቹም 20 ያህል ነበሩ። አሸናፊዋ ቤሲ ሉ ካቲ የተባሉ ሴት ሲሆኑ የተቀበሉት ሽልማት 500 ዶላር ነበር። ውድድሩ እያደገ ሄዶ ከ200 በላይ ቡድኖች የሚሰለፉበት ለመሆን በቃ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በዚያችው ከተማ፥ በዚያው ሰሞን፥ ስሞክስላም የተባለ ሌላ ውድድር 250,000 ዶላር ሽልማት ይዞ ተነሣ። ቡድኖችም፥ ደጋፊ ነጋዴዎችም፥ ተመልካቾችም ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው። 46 ዓመት የቆየው ውድድር እንዲህ ያለ ተቀናቃኝ ከተነሣበት፥ አንድ በግና አንድ ድስት የሚሸልመው ትንሽ ውድድር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚዋጥ መገመት አያስቸግርም።

በዚያ አገር በመቶ የሚቆጠሩ ውድድሮችን በአንድ ደንብ የሚመራው የካንሳስ ሲቲ ባርቤኪው ማኅበር ነው። በማኅበሩ ዋና ውድድር አንድ ቡድን አራት ዓይነት ሥጋ ያቀርባል፤ ይኸውም ዶሮ፥ የአሳማ ጎድን፥ የአሳማ ትከሻና የበሬ ፍሪንባ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ስድስት ዳኞች ተቀምጠው፥ የማን እንደ ሆነ ሳያውቁ፥ መልኩን፥ ጣዕሙንና ልስላሴውን እያዩ ነጥብ ይሰጣሉ። ፍርዱ የሚመሰገን ነው። ችግሩ ያለው በወጪው ላይ ነው። መግቢያው ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል፤ አራቱ ሥጋ፥ እንጨቱ፥ መጓጓዣውና በተሽከርካሪ የሚጎተተው ትልቅ ምድጃ በላዩ ይጨመራል። ሽልማቱ ከፍ ባለ መጠን ብዙዎች ተራውን ፍሪንባ ትተው ዋግዩ ከተባለው የጃፓን ዘር ከብት የሚገኘውን፥ አንዱ ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጣውን ይገዙ ጀመር። አንዱ ከገዛ ሌላው ሳይገዛ መቅረት አልቻለም፤ ሁሉም በገዙ ጊዜ ደግሞ ማንም ከማንም አልበለጠም፤ ወጪው ግን ለሁሉም ከፍ ብሎ ቀረ።

ሌላም ጉዳት አለ። ዳኛው ከአንድ ጉርሻ የማይበልጥ ስለሚቀምስ፥ ተወዳዳሪው በዚያች ጉርሻ ለማሸነፍ ቅመሙንና ጣፋጩን ያበዛል። አንድ ጊዜ ያሸነፈበትንም ዘዴ ሌሎች በገንዘብ እየተማሩ ይቀዱታል። እንግዲህ የተለያየ አካባቢ ሰዎች አንድ ዓይነት ምግብ ማቅረብ ይጀምራሉ፤ በየመንደሩ የነበረው የየራሱ ጣዕም ከውድድሩ አደባባይ እየራቀ ይሄዳል።

2ኛ. የነገሩ ሒሳብ

አሁን ወደ እኛ ተመልሰን እንደ ነጋዴ እናስላው። ለምሳሌ ያህል 30 ሰዎች ለአንድ የ100,000 ብር ሽልማት ተወዳደሩ እንበል። እያንዳንዱ ለመግቢያ፥ ለሥጋ፥ ለከሰል፥ ለመጓጓዣና ለረዳት 6,000 ብር ቢያወጣ የሁሉም ወጪ 180,000 ብር ይሆናል። ሽልማቱን የሚወስደው አንድ ሰው ነውና 29ኙ ስድስት ስድስት ሺህ ብር ከስረው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ከነዚህ መካከል የሚመለሰው አጠባበሱ የተሻለው ሳይሆን 6,000 ብር ቢጠፋበት የማይጎዳው ነው። በዚህ አኳኋን ውድድሩ የሙያ ፈተና መሆኑ ቀርቶ የኪስ ፈተና ይሆናል።

ይህ በሚሆንበት ጊዜ ትንሹ ውድድር አራት ነገሮችን በአንድነት ያጣል። ጥሩ ባለሙያዎቹ ወደ ትልቁ ይሄዳሉ፥ ወይም ተስፋ ቆርጠው ይተዋሉ፤ ቅምሻ የሚያውቁ ዳኞቹ ወደዚያው ይጠራሉ፤ በግና ድስት ይሰጡ የነበሩ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ስማቸው በትልቅ ሰሌዳ ወደሚጻፍበት ያዞራሉ፤ የበዓሉም ቀን በትልቁ ይያዝበታል። አዳማን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኘው 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ የትልልቅ ሆቴሎች ወጥ ቤቶች ጠዋት ተነሥተው ለውድድር መድረስ ይችላሉ። ይህ ለገበያችን በረከት ነው፤ ለመናኸሪያዋ እናት ግን ከባድ ተፎካካሪ ነው። በተጨማሪም በአዳማና በሞጆ አካባቢ የሚደለበው የቦረና በሬ በውጭ አገር ገዢዎችም የሚፈለግ ስለ ሆነ፥ ጥሩ ሥጋ መርጦ መግዛት ለአነስተኛ ምግብ ሻጭ ቀላል አይደለም።

3ኛ. ከቡናችን የሚገኘው ትምህርት

ይህን ስንል ግን ትልቅ ገንዘብ ሁሉ ያጠፋል ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ጥራት ውድድር በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ 1,459 ናሙናዎች ቀርበው ነበር። ናሙናዎቹ የባለቤቱ ስም ሳይገለጽ በቁጥር ብቻ እየተለዩ በመጀመሪያ በአገር ውስጥ፥ ቀጥሎም በውጭ አገር ቀማሾች ተመዘኑ፤ በመጨረሻ 28 ቡናዎች ተመርጠው በዓለም አቀፍ ጨረታ ተሸጡ። አንደኛ የወጣው የሲዳማው ገበሬ የአቶ ንጉሤ ገመዳ ቡና፥ ግማሽ ኪሎ የማይሞላው አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ አወጣ።

ይህ ያህል ገንዘብ ያለበት ውድድር ለአነስተኛ ገበሬ የተመቸው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ቀላል ነው። ያልተመረጠው ገበሬ ያጣው ናሙናውን እንጂ ቡናውን አይደለም፤ የቀረው ቡና በጎተራው ስላለ በገበያ ዋጋ ይሸጠዋል። የጥብስ ተወዳዳሪ ግን ሲሸነፍ ሥጋው በስሏል፤ ከሰሉ ነዷል፤ ቀኑም መሽቷል። ስለዚህ ነገሩን የሚወስነው የሽልማቱ ትልቅነት ብቻ አይደለም። ዋናው ጥያቄ የተሸነፈው ሰው ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል የሚለው ነው።

4ኛ. ለከተሞቻችን የሚስማማ ደንብ

በዚህ ረገድ ከሩቅ አገር ሳንሄድ ከራሳችን ልማድ የምንማረው አለ። በቅርጫ ጊዜ ጎረቤቶች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋው በእኩል መደብ ይመደባል፤ የማን መደብ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው ዕጣ ነው። ባለጸጋውም ድኻውም ከፍሪንባውም ከጎድኑም እኩል ይደርሰዋል፤ ማንም አያጉረመርምም። የውድድርም ደንብ በዚሁ መንፈስ ሊዘጋጅ ይችላል።

ሀ/ ሥጋው በአዘጋጁ ይገዛ፤ ለተወዳዳሪዎችም በዕጣ ይታደል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው የስቴክ ኩክኦፍ ማኅበር ሥጋውን አዘጋጁ እንዲያቀርብ ደንብ አውጥቷል። በዚህ ዓይነት የሚፈረደው በእጅ ሙያ ላይ እንጂ በተገዛው ሥጋ ላይ አይሆንም።

ለ/ የከተሞቻችን ሕዝብ ክርስቲያንም ሙስሊምም ስለ ሆነ የእርዱ ነገር ይታሰብበት። ሁለት እርድ፥ ሁለት ምድብና ለየምድቡ የራሱ ዳኞች ያስፈልጋሉ። ቀኑም ከጾም ወራት ውጭ ይሁን። ሁሉም በአንድ ማዕድ እንዲወዳደር ከተፈለገ ደግሞ እርድ የማያስፈልገውን የአርሲን ጭኮ ወይም የዝዋይን ሐይቅ ዓሣ መምረጥ ይቻላል፤ እንዲህ ያለው ውድድር የአካባቢውን ጣዕም ይጠብቃል።

ሐ/ ሽልማቱ ይከፋፈል። ከላይ የተባለው 100,000 ብር እንዲህ ሊደለደል ይችላል፤ ለሥጋ 40,000፥ ለከሰልና ለልዩ ልዩ ወጪ 10,000፥ ለሽልማት 50,000 ብር። ከሽልማቱም ለአንደኛው 15,000፥ ለሁለተኛው 10,000፥ ለሦስተኛው 7,000፥ ለሚከተሉት ስድስት ሰዎች ሦስት ሦስት ሺህ ብር ይሰጣል። ከ30ው ተወዳዳሪዎች ዘጠኙ ተሸልመው ይገባሉ፤ የቀሩትም የጊዜያቸውንና የመጓጓዣቸውን ዋጋ ብቻ እንጂ የሥጋ ዋጋ አይከስሩም።

መ/ ትልቁ ውድድር በትንንሾቹ ላይ ይቁም። በሞጆ፥ በመቂ፥ በዝዋይና በሻሸመኔ አስቀድሞ ትንንሽ ውድድር ተደርጎ አሸናፊዎቹ ወጪያቸው ተችሎ ወደ አዳማ ቢመጡ፥ ትልቁ ትንሹን መዋጡ ቀርቶ ትንሹ ለትልቁ መሰላል ይሆነዋል። የካንሳስ ሲቲው ማኅበር እንኳ ለጀማሪዎች የጓሮ ምድብ የሚባል፥ ሥጋውም ክፍያውም ያነሰ ውድድር ለብቻ አለው።

ሠ/ ገንዘብ የሚሰጠው ነጋዴ ለአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ለሦስት ዓመት ቃል ይግባ፤ ለማቋረጥም ሲያስብ አንድ ዓመት አስቀድሞ ያስታውቅ። በድንገት የሚመጣና በድንገት የሚሄድ ገንዘብ ቀድሞ የነበረውንም ይዞ ይሄዳልና።

ምናልባት፥ «ትልቅ ሽልማት ከሌለ ሰው አይሰበሰብም፤ የሰጪውም ስም አይታወቅም» የሚል አባል ይኖር ይሆናል። እውነት አለው፤ ትልቅ ቁጥር ጆሮ ይስባል፤ ሆቴሎቻችንም እንግዳ ያገኛሉ። ነገር ግን የባዛርን ሕዝብ የሚያበዛው አንድ አሸናፊ አይደለም። ሠላሳ ተወዳዳሪዎች እያንዳንዳቸው ቤተሰባቸውን፥ ጎረቤታቸውንና ደንበኛቸውን ይዘው ይመጣሉ። እነዚህ ሠላሳዎቹ በየዓመቱ ከተመለሱ ገበያው ራሱ ይመለሳል። በአውቶቡስ መናኸሪያ ያሉት ሹፌሮችና ረዳቶች ለእኚያ እናት ለማጨብጨብ መጥተው የጠጡትን ለስላሳና የገዙትን ዕቃ ያየሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህን በድፍረት እናገራለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሸከመው ገንዘብም ለብዙ ሲከፈል ለከተማ ጌጥ ይሆናል።

አሠሪዬ ይህን ማስታወሻ ካነበቡ በኋላ ደብዳቤውን እንዲህ ብዬ እንድመልስ አዘዙኝ፤ ገንዘቡን ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ሥጋው በዕጣ እንዲታደል፥ ሽልማቱ ለዘጠኝ ሰዎች እንዲከፋፈልና መግቢያው ከ100 ብር እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ። ከአዘጋጆቹ መልስ እየጠበቅን ነው። በደብዳቤው ግርጌ አሠሪዬ በገዛ እጃቸው አንድ ጥያቄ ጽፈዋል፤ ለአባሎችም ሁሉ ይጠቅማልና እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦ «ዘንድሮ የሚሸነፈው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ እንዲወዳደር ምን አዘጋጅታችሁለታል?»