ዶማ ቅጣት አይደለም



ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር፣ በአንድ መድረሳ ጓሮ ለተሰበሰቡ ሕፃናት ዶማና አካፋ አደልን። ገና አሥር ዓመት ያልሞላው አንዱ ዶማውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ምን አጥፍተን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በወቅቱ ሳቅሁ። ማታ ሳስበው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ልጁ አልተሳሳተም። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤትም አርፍዶ የመጣ ተማሪ የሚቀጣው ግቢውን እንዲቆፍር በማዘዝ ነበር። ጎበዙ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ አጥፊው አፈር ይዝቃል። ይህን እያየ ያደገ ልጅ አፈር የሚነካ ሁሉ የተዋረደ ነው ብሎ ቢያስብ ምን ይደንቃል?

በእኛ በጎንደር ሙስሊሞች ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ ተደርቦበታል። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተካሄደ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በቀድሞ ስሙ እስላም ቤት፣ በኋላም አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈራችን ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ርስት የተከለከለው ወገናችን በሽመናና በንግድ ኖረ፤ በላቡም ልጆቹን አሳደገ። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የርስት ሥርዓት ቀረ። «እርሻ የእኛ ሥራ አይደለም» የሚለው ልማድ ግን በአዋጅ አልተሻረም።

ለመሆኑ የጓሮ አትክልት ይህን ያህል የሚያሳስበን ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። ልብ በሉ! ይህ ጤፍ፣ ገብስና ባቄላ የሚያመርት ክልል ነው። ሆድ የሚሞላ እንጀራ ያለበት ቤት ሁሉ ልጅ የሚያሳድግ ምግብ አለው ማለት አይደለም። ጎመንና ካሮት ብቻቸውን መቀንጨርን አያጠፉም፤ እንቁላል፣ ወተትና ንጹሕ ውኃም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ለዓይን ጤና የሚበጀው ቫይታሚን ኤ በጥቂት ክንድ መሬት ላይ ሊበቅል የሚችል ነገር ነው።

ይህን ቀድመው ያዩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከከተማው ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ደጋማዋ ኮሶዬ ጋር የቆየ ትስስር አለው። ዶክተር ዴኒስ ካርልሰንና አንድሩ ካርልሰን የመንደሯን ጤናና ኑሮ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1993 የሚዳስስ መጽሐፍ አሳትመዋል። በኋላም በዚያው አካባቢ የጓሮ አትክልት ከጤና ሥራው ጋር ተያይዞ እንዲስፋፋ ተደርጓል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ጤና ከሐኪም ቤት ብቻ ሳይሆን ከጓሮም ይጀምራል።

ወደ እኛ መድረሳ ልመለስ። መደቡን ከአንድ ሜትር ያልበለጠ ስፋት ሰጠነው፤ ልጁ አፈሩን ሳይረግጥ ከሁለቱም ወገን እጁ መካከሉ ድረስ እንዲደርስ ነው። የበሰበሰ ፍግ ቀላቀልን። ቆስጣና ጎመን ቶሎ ስለሚደርሱ አስቀደምናቸው፤ ልጅ ትዕግሥቱ አጭር ነውና። ካሮትን ግን አበላሸነው። ችግኝ አፍልተን ብናዛውረው ሥሩ እየተጣመመ ወጣ። ካሮት በተዘራበት መቆየት እንዳለበት ከልጆቹ ጋር አብረን ተማርን።

ጎንደር ውኃ የሚቸግራት ከተማ ናት። ስለዚህ ያለ ሳሙና የተደረገውን የውዱእ ውኃ በትንሽ ቦይ ወደ መደቡ መራነው። የሚፈስሰው ንጹሕ ውኃ ለካ ሀብት ኖሯል! የከተማ ቆሻሻ የሚቀላቀልበትን የወንዝ ውኃ ግን በጥሬው የሚበላ ሰላጣ ላይ ማጠጣት በሽታን መጋበዝ ስለሆነ ከለከልን።

አንድ ቀን የጎረቤት ፍየሎች ገብተው ግማሹን ጎመን ጨረሱት። ዶማውን ቅጣት ነው ያለው ያ ልጅ አለቀሰ። ኡስታዙም ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ነገሩት። ልጁ እንባውን ጠርጎ፣ «እሺ ኡስታዝ፣ ግን አጥር እንሥራ» አለ። በማግስቱ አጠርን። የተረፈውን እያንዳንዱ ልጅ ከመደቡ ቆርጦ ለእናቱ ወሰደ። ይህን ማንም እንዳይነካባቸው አደራ እላለሁ፤ ልጅ የደከመበትን ትልልቆች ሸጠው ከወሰዱበት ሁለተኛ አይቆፍርም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ በገባበት ግጭት የብዙ ሕፃናት ትምህርት ተቋርጧል። የመስጊድና የመድረሳ ኮሚቴዎች ጓሮ ያን ክፍተት ባይሞላም፣ ልጅ መቁጠርን፣ መለካትንና መታገሥን የሚማርበት ቦታ ይሆናል። ሰፊ መሬት አይጠይቅም።

ወላጆችና መምህራን ሆይ! አጥፊን ለመቅጣት ሌላ መንገድ ፈልጉ። ዶማውን ግን ለጎበዙም ስጡት።