የመኪና ጎማ እንደ ብዕር

ንድፍ ለመንደፍ እርሳስ፣ ከሰል ወይም ብዕር ያስፈልጋል ብለን ሁላችንም ተምረናል። ነገር ግን በመኪና ጎማ የተሠራ አንድ ሥራ ይህን ልማዳችንን እንድንመረምር የሚያስገድድ ስለ ሆነ፣ ስለ እርሱ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሠሪው ሮበርት ራውሸንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። በ1925 በቴክሳስ፣ በፖርት አርተር ከተማ ተወለደ፤ በ2008 ዐረፈ። በ1953 በኒው ዮርክ ከተማ 20 ወረቀቶችን በሙጫ አያይዞ በመንገድ ላይ ዘረጋ። ወዳጁ የሙዚቃ ደራሲው ጆን ኬጅ ሞዴል ኤ ፎርድ መኪናውን በወረቀቱ ላይ በቀጥታ ሲነዳ፣ ሠዓሊው አንዱን ጎማ ጥቁር ቀለም እንዲነካ አደረገ። በዚህም 6 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም አንድ ጥቁር ፈለግ ታተመ። ሥራው ዛሬ በሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

በወረቀቱ ላይ ሰውም ዛፍም አይታይም። ታዲያ ምን ይታያል? በጂኦሜትሪ ትምህርት መስመር ማለት የምትንቀሳቀስ ነጥብ የሄደችበት መንገድ ነው ይባላል። ይህም ሥራ የሚያሳየን መሄድን ራሱን ነው። ተመልካቹም ከዳር እስከ ዳር ለማየት እንደ መኪናው መጓዝ አለበት።

«ይህንማ ሹፌር ሁሉ ሲሠራው ይውላል» የሚል አይጠፋም። እኔም አስቀድሜ ያልሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ሹፌር ፈለጉን ሳያስበው ይተዋል፤ ነፋስና ዝናብም ያጠፋዋል። ሠዓሊው ግን ወረቀቱን፣ ቀለሙንና አቅጣጫውን መርጦ «ይህን እዩ» አለን። «መሪውን የያዘው ኬጅ ነውና ሥራው የማን ነው?» ለሚል ግን መልሱ ቀላል አይደለም። እንደ እኔ አስተያየት፣ እጅ የሁለት ሲሆን ሐሳቡ የራውሸንበርግ ነው።

ሆኖም ይህ ለስንፍና ማመካኛ አይሁነን። ራውሸንበርግ ከዚህ ሥራ በፊት በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ ከጥብቁ መምህር ከዮሴፍ አልበርስ ዘንድ ተምሯል። ልማዱን የተወው ልማዱን ካወቀ በኋላ ነው። እኛም እርሳሳችንን ሳንጥል፣ ከዝናብ በኋላ በመንገድ ላይ የሚቀረውን የጎማ ፈለግ ቆም ብለን ብንመለከት አንጐዳም።