ሰጥቶ መቀበል እስከ የት ድረስ?

የዛሬው ትምህርታችን የሚመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። አማኝ ሰው ሃይማኖቱ የማይቀበለውን ነገር በሚመለከት ሕግ ላይ ቢደራደር፣ እምነቱን ሸጠ ይባላል? ብዙዎቻችሁ «አዎ» ለማለት እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። ፍርዱን ጥቂት አቆዩትና እዚሁ አሜሪካ ውስጥ የሆነውን አብረን እንመልከት። ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።

በፌብሩዋሪ 2016 በሰሜን ካሮላይና የሻርለት ከተማ ምክር ቤት አንድ ደንብ አወጣ። ደንቡ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና ጾታቸውን የለወጡ ሰዎች በንግድ ቤቶች አገልግሎት እንዳይነፈጉ የሚከላከል ሲሆን፣ ጾታቸውን የለወጡ ሰዎች በመረጡት ጾታ መጸዳጃ ቤት እንዲገቡም ይፈቅድ ነበር። ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በማርች 23 ልዩ ስብሰባ ጠርቶ፣ ኤችቢ 2 የተባለውን ሕግ በአንድ ቀን አጸደቀ። አገረ ገዥው ፓት መክሮሪም በዚያው ቀን ፈረሙበት። ሕጉ በመንግሥት ሕንፃዎችና በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሰው ሁሉ በልደት ምስክር ወረቀቱ በተጻፈው ጾታ መጸዳጃ ቤት እንዲጠቀም አዘዘ፤ ከተሞችም የራሳቸውን የፀረ አድልዎ ደንብ እንዳያወጡ አገደ።

ብዙ አማኝ ያጨበጨበው ለዚህ ክፍል ነው። ሕጉ ግን ሌላም ነገር ይዞ ነበር። ከተሞች በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው የራሳቸውን ዝቅተኛ ደመወዝ እንዳይወስኑ ከለከለ። በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ከሥራ የተባረረ ሰውም በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት የሚከስበትን በር ዘጋ። ይህን የመጨረሻውን በጁላይ መልሰው ከፈቱት። በአነጋገሩና በአገሩ የተነሣ እንጀራውን ማጣት ምን እንደሆነ ለስደተኛ ሐበሻ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሕጉ ከጸደቀ በኋላ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ተከተለ። የክፍያ አገልግሎት ድርጅቱ ፔይፓል 400 ሰው ሊቀጥርበት የነበረውን የሻርለት ማዕከል ሰረዘ። የቅርጫት ኳስ ሊጉ ኤንቢኤ የ2017ን የኮከቦች ጨዋታ ወደ ኒው ኦርሊንስ ወሰደው። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤም የሻምፒዮና ውድድሮቹን ከክፍለ ግዛቱ አነሣ። የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ በ12 ዓመት ውስጥ የሚታጣውን ገቢ ከ3.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አድርጎ አሰላው። መክሮሪም በዚያው ዓመት ምርጫ በ10 ሺህ ገደማ ድምፅ ተበልጠው ወንበሩን ለሮይ ኩፐር ለቀቁ።

ገንዘብና እምነት ሲጋጩ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን አንብቡ። በኤፌሶን ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ የጳውሎስ ስብከት ገበያውን እንደሚያጠፋበት ባየ ጊዜ የሙያ ባልንጀሮቹን ሰብስቦ ከተማውን አወከ። በመጀመሪያ ያነሣው የገቢያቸውን ነገር ነው፤ የጣዖቲቱ ክብር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰባኪ እዚህ ላይ ይቆማል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁከቱን ያበረደው የከተማው ጸሐፊ ነው። እነዚህ የጳውሎስ ባልንጀሮች ቤተ መቅደስ አልዘረፉም፣ አምላካችሁንም አልሰደቡም፤ ክስ ያለው ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ፣ ሌላውም ነገር በሕጋዊ ጉባኤ ይታይ ብሎ ሕዝቡን አሰናበተ። ልብ በሉ፤ ጳውሎስ በዚያች ከተማ በእጅ የተሠሩ አማልክት አማልክት አይደሉም እያለ ያስተማረ ሰው ነው። ትምህርቱን አላለዘበም፤ ሆኖም ጸሐፊው ባልንጀሮቹን በተሳዳቢነት ሊከሳቸው አልቻለም።

ማዕቀብን በደፈናው የሰይጣን መሣሪያ የሚያደርጉ ወንድሞች አሉ። እነርሱን የምጠይቃቸው አለኝ። የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ በ1997 በዲዝኒ ላይ አለመግዛትን ወስኖ እስከ 2005 ድረስ አልቆየም? እኛ ስንይዘው ቅዱስ፣ ሌላው ሲይዘው ርኩስ የሚሆን መሣሪያ የለም። መመርመር ያለበት በትሩ የሚያርፍበት ሰው ነው። ስብሰባና ጨዋታ ሲሰረዝ ሕጉን ያወጣው እንደራሴ ደመወዙ አይቀነስም፤ የሚጎዱት ሆቴል የምታጸዳው እናትና ታክሲ የሚነዳው አባት ናቸው።

ወደ ሰሜን ካሮላይና እንመለስ። በማርች 30 ቀን 2017 ኤንሲኤኤ ውድድሮቹን ለመመለስ የሰጠው ቀነ ገደብ ሲያስጨንቃቸው ሁለቱ ፓርቲዎች ተስማሙ። ኤችቢ 2 ተሻረ። በመጸዳጃ ቤት ላይ ደንብ ማውጣት ግን ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ብቻ ተተወ፤ ከተሞችም እስከ ዲሴምበር 1 ቀን 2020 አዲስ የፀረ አድልዎ ደንብ እንዳያወጡ ታገዱ። ወግ አጥባቂዎቹም የመብት ተሟጋቾቹም ተቃወሙት። በእኔ ፍርድ ጥፋቱ መደራደራቸው አይደለም። የተደራደሩት ውድድሮቹን ስለ ማስመለስ ነበር፤ የሚፈራው ሰው ምን እንደሚፈራ፣ የሚገፋው ሰው በምን እንደሚገፋ አልተነጋገሩም። እገዳው ሲያበቃ ከተሞቹ ደንባቸውን ማውጣት ጀመሩ፤ ሻርለትም በኦገስት 2021 አወጣች።

ከኤችቢ 2 በፊት፣ በ2015፣ በዩታ የሆነው ይለያል። የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን መሪዎችና የመብት ተሟጋቾች በተስማሙበት ሕግ፣ ማንም ሰው ተመሳሳይ ጾታ በማፍቀሩ ወይም ጾታውን በመለወጡ ከሥራ እንዳይባረር፣ የኪራይ ቤት እንዳይነፈግ ተደነገገ። የሃይማኖት ድርጅቶች ከዚህ ግዴታ ነፃ ሆኑ። ሠራተኛም ከሥራ ውጭ ስለ ጋብቻ ያለውን እምነት በመናገሩ እንዳይባረር ተጠበቀ። ሱቆች ደንበኛን ስለ መከልከላቸው ግን ሕጉ ሳይነካው አለፈ፤ ስለዚህ ሙሉ ነው አልልም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን አልለወጠችም፤ ጎረቤትም ቤቱን አላጣም።

እንግዲህ ድንበሩ የት ነው? ዳንኤልን ተመልከቱ። ባቢሎናውያን ያወጡለትን ስም ተቀበለ፣ በትምህርት ቤታቸው ተማረ፣ በመንግሥታቸው ተሾመ። የንጉሡን ማዕድ ግን አልበላም፤ ያንንም ቢሆን ሹሙን በትሕትና ለምኖ የ10 ቀን ፈተና ሐሳብ በማቅረብ ነው። ጸሎት ተው ሲባልም አልተወም፤ ለዚያ ወደ አንበሶች ጉድጓድ ወረደ። እኛም ሕግ ሲቀርብልን እንዲህ እንለይ። የማላምንበትን እንድመሰክር ወይም እንድፈጽም ያዘኛልን? ካዘዘኝ አልደራደርም፤ የሚያስከትለውንም እሸከማለሁ። የሚጠይቀኝ እኔ የማልስማማበት ሰው ሠርቶ እንዲበላ፣ ተከራይቶ እንዲያድር ብቻ ከሆነስ? ይህ የሃይማኖት ክህደት አይደለም። የራሳችንም ሰዎች በዚህ አገር የሚኖሩት በዚያው ዓይነት ሕግ ተከልለው ነው።

ስለዚህ በምትኖሩበት ክፍለ ግዛት እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲቀርብ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ፊርማ አሰባሳቢ ወረቀቱን ቢዘረጋላችሁ፣ እስክሪብቶውን ከመቀበላችሁ በፊት ሕጉን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡት፤ እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ልጆቻችሁን አስነብቡ።