አንዱ ለንባብ፣ አንዱ ለጽሕፈት፦ ሰነድ ለሚያነብ ሰው ሁለት ሞኒተር እንዴት ይቀናበራል?

ሥራው ሰነድ ማንበብ የሆነ ሰው፣ ጠበቃም ይሁን ተርጓሚ፣ ኦዲተርም ይሁን የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ በአንድ ስክሪን ሲሠራ ቀኑን የሚበላበት ንባቡ ሳይሆን ምልልሱ ነው። ሰነዱን ይከፍታል፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባል፣ ወደሚጽፍበት ገጽ ይመለሳል፣ ግማሹን ጽፎ ግማሹን ይረሳል፣ እንደገና ወደ ሰነዱ ይሄዳል። ሲመለስ ደግሞ ያቆመበትን መስመር መፈለግ አለበት። ሁለተኛ ሞኒተር የሚያስፈልገው ይህን ምልልስ ለማስቀረት ነው። ስለዚህ ከግዢውም ከገመዱም በፊት የሥራ ክፍፍሉን መወሰን ይቀድማል። አንዱ ስክሪን ማንበቢያ፣ ሌላው መጻፊያ ይሆናል። ሌላው ዝግጅት ሁሉ ይህን ተከትሎ የሚመጣ ነው።

ገጹና ስክሪኑ ሲለኩ

የነጋሪት ጋዜጣን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የፌዴራል አዋጆች በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓምድ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማሉ። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ቢኖር የአማርኛው የበላይነት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ሥራውን በእንግሊዝኛ የሚሠራ ጠበቃ እንኳ የአማርኛውን ዓምድ ከዓይኑ ማራቅ አይችልም። ገጹን ሙሉውን ማየት ይኖርበታል።

አሁን መለኪያ እናንሣ። ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 29.7 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። የ14 ኢንች ላፕቶፕ ስክሪን ደግሞ ስፋቱ 31፣ ቁመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ቁመት ላይ የፕሮግራሙ ማዘዣዎች የሚይዙት ቦታ ይቀነሳል። ገጹ ከላይ እስከ ታች እንዲታይ ካደረጉ ፊደሉ ወደ ግማሽ መጠኑ ይወርዳል። በስክሪኑ ስፋት ልክ ካሰፉት ፊደሉ ጎልቶ ይወጣል፤ በአንድ ጊዜ የሚታየው ግን የገጹ ሲሶ ገደማ ብቻ ነው።

የፊደል ማነስ በአማርኛ ንባብ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም። ካዕቡና ሣልሱ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ በ«ኩ» ላይ ቅጥያዋ ከወገቡ ትወጣለች፣ በ«ኪ» ላይ ከእግሩ ጫፍ። በስካነር የተነሣ፣ ቀለሙ የደበዘዘ አሮጌ ጋዜጣ በግማሽ መጠን ሲታይ «ላኪ» የሚለው «ላኩ» ቢመስል አያስደንቅም። የመጀመሪያው ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ነው፣ ሁለተኛው ያለፈ ድርጊት። በውል ወይም በአዋጅ ውስጥ እንዲህ ያለ መምታታት ሥራ ያበላሻል።

የ24 ኢንች ሰፊ ሞኒተር በተለመደው አቀማመጡ 53 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ሁለት የኤ4 ገጾችን ከወረቀቱ መጠን ጥቂት ብቻ አሳንሶ ጎን ለጎን ይይዛል፤ ረቂቅን ከጸደቀ ጽሑፍ ጋር ለማመሳከር ይበቃል። ይኸው ሞኒተር 90 ዲግሪ ዞሮ ሲቆም ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 53 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል። ያኔ አንድ ገጽ በስፋቱ ልክ ሲዘረጋ ከወረቀቱ 40 በመቶ ያህል ገዝፎ፣ ሳይቆረጥ፣ ከርዕሱ እስከ ግርጌው ይታያል። የቆመው ሞኒተር እንደ አትሮንስ ገጹን ይዞልዎት ይቆያል፤ እጅዎ በሌላው ስክሪን ላይ ይሠራል።

ማዞር ግን ለሁሉም ሰነድ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ያነሣቸው ምስሎች፣ ዛሬ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤት በኩል በኮምፒውተር የሚነበቡ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተገለጠውን መጽሐፍ ግራና ቀኝ በአንድ ፎቶ ይዘዋል፤ ስለዚህ ምስሉ ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ንባብ ያልዞረ ሰፊ ሞኒተር ይሻላል። የሒሳብ ሠንጠረዥም እንደዚያው ነው። አብዝተው የሚያነቡት ሰነድ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው አይተው ይወስኑ።

ምን ይገዛል?

ሞኒተሩ እንዲዞር ከፈለጉ መቆሚያው መዞር የሚችል መሆኑን በሱቁ ውስጥ አዙረው ይሞክሩ። የማይዞር ከሆነ ጀርባውን ይመልከቱ፤ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ካሉት ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ክንድ ሊገጠምለት ይችላል። ቀጥሎ የስክሪኑን ዓይነት ይጠይቁ። ቲኤን የሚባለው ዓይነት ከላይ ወይም ከታች ሲያዩት ቀለሙ ይለዋወጣል። ሲዞር ይህ ድክመቱ ወደ ግራና ቀኝ ይመጣና ራስዎን ጥቂት ባነቃነቁ ቁጥር ገጹ ይደበዝዛል። አይፒኤስ የሚባለው ከዚህ ችግር የራቀ ነው።

ገንዘብ ላጠረው ሰው ደግሞ መፍትሔ አለ። ቢሮዎች ሲለውጡ የሚያወጧቸው፣ ወደ ካሬ የሚጠጉ የ19 ኢንች አሮጌ ሞኒተሮች 38 በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው። ለፊልም አይመቹም፤ ሳይዞሩ ግን አንድ ኤ4 ገጽ ከወረቀቱ ጋር በተቀራረበ መጠን ይይዛሉ። ለማንበቢያ ብቻ ከሆነ ጥሩ ግዢ ናቸው።

ገመዱና ቅንብሩ

ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያሉትን መሰኪያዎች ይዩ። ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይፖርት ወይም ምስል የሚያወጣ ዩኤስቢ ሲ ካለ እሱን ይጠቀሙ። አሮጌው ቪጂኤ ብቻ ካለም ይሠራል፤ ምስሉን የሚያስተላልፈው በአናሎግ ስለሆነ ግን ፊደሉ ሊንቀጠቀጥ ወይም ሊደበዝዝ ይችላል። ያን ጊዜ ሞኒተሩ ላይ ያለውን «ኦቶ» የሚል ቁልፍ መጫን ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ኮምፒውተሩ የተለየ የግራፊክስ ካርድ ካለው ሁለቱንም ገመዶች ካርዱ ላይ ይሰኩ።

በዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው «ፒ»ን ይጫኑና «ኤክስቴንድ» የሚለውን ይምረጡ። «ዱፕሊኬት» ከመረጡ ሁለቱም ስክሪኖች አንድ ዓይነት ነገር ያሳያሉ፤ ይህ ለስብሰባ እንጂ ለንባብ አይጠቅምም። ከዚያ በዴስክቶፑ ባዶ ቦታ በቀኝ ክሊክ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ»ን ይክፈቱ። እዚያ 1 እና 2 ተብለው የተሣሉትን ሣጥኖች ጠረጴዛው ላይ ባሉበት ቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ አለዚያ ማውዙ ወደ ቀኝ ሲሄድ በግራ ይወጣል። ለዞረው ሞኒተር «ፖርትሬት»ን ይምረጡ። ገጹ ተዘቅዝቆ ከመጣ «ፖርትሬት ፍሊፕድ» ያቀናዋል። ሬዞሉሽኑ ላይ «ሬኮሜንድድ» የሚለውን አይለውጡ፤ ፊደል ማግዘፍ ከፈለጉ «ስኬል» የሚለውን ከፍ ያድርጉ።

አንድ መስኮት ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ለማሻገር የዊንዶውስን ቁልፍና ሺፍትን ይዘው የግራ ወይም የቀኝ ቀስቱን ይጫኑ። ሌላው ጠቃሚ ዘዴ አንዱን ሰነድ በሁለት መስኮት መክፈት ነው። የአዋጆች አንቀጽ 2 ብዙውን ጊዜ የትርጓሜ አንቀጽ ነው፤ አንቀጽ 30ን የሚያነብ ሰው አንድ ቃል በሕጉ ምን ማለት እንደሆነ ለማረጋገጥ ወደዚያ ይመላለሳል። በአዶቤ ሪደር «ዊንዶው» ከሚለው ማውጫ «ኒው ዊንዶው»ን ቢመርጡ ያው ፋይል ሁለት ጊዜ ይከፈታል። አንዱን ትርጓሜው ላይ አቁመው በሌላው ንባብዎን ይቀጥሉ።

አንገትና ዓይን

ሁለቱ ስክሪኖች ከፊትዎ የአንድ ክንድ ርቀት ያህል ይራቁ። አብዝተው የሚያዩት በትክክል ፊት ለፊት ይሁን፤ ሌላው ከጎኑ ገባ ብሎ ወደ እርስዎ ይዙር። ሁለቱንም እኩል የሚያዩ ከሆነ መጋጠሚያቸው አፍንጫዎ ትይዩ ይሁን። የቆመ ሞኒተር ረጅም ስለሆነ መቆሚያውን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጉት፤ ቀና ብሎ ማንበብ አንገት ይጎዳል። የሩቁም የቅርቡም ማያ ያለበት መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች በታችኛው ክፍል ለማየት አገጫቸውን ስለሚያነሡ ለእነሱ ዝቅ ማለቱ የበለጠ ያስፈልጋል።

መስኮት ከጀርባዎ ሲሆን ስክሪኑ ያንጸባርቃል፣ ከፊትዎ ሲሆን ዓይን ይወጋል፤ በጎን ይሁን። ብርሃኑን ለመመጠን ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይያዙ። ስክሪኑ እንደ መብራት ካበራ ይቀንሱት፣ ከወረቀቱ አመድማ ከመሰለ ይጨምሩት። ሁለቱም ሞኒተሮች እኩል መብራት አለባቸው። ስክሪን ሲያነቡ ዓይን የሚርገበገበው ከወትሮው ባነሰ ስለሆነ ይደርቃል። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ወደሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየትን ይመክራሉ።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አንድ ነገር ይወቁ። ላፕቶፑ በባትሪው ሲቀጥል ሞኒተሩ ወዲያው ይጠፋል። ሰነዱ ጠፍቶ በቀረው ስክሪን ላይ ተይዞ ከቀረ የዊንዶውስ ቁልፍና «ፒ»ን ተጭነው «ፒሲ ስክሪን ኦንሊ» የሚለውን ይምረጡ፤ ሁሉም ወደ ላፕቶፑ ይመለሳል።

ከሁሉም በላይ ግን ክፍፍሉን ይጠብቁ። በማንበቢያው ስክሪን ላይ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ከገቡ ሁለተኛው ሞኒተር ሥራ አያቀልም፤ የሚያዘናጋውን ነገር እጥፍ ያደርገዋል እንጂ። ገንዘብዎ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነም ስክሪኑን ከማተለቅ ይልቅ የሚዞር መቆሚያ ያለውን ይግዙ። ሰነድ ለሚያነብ ሰው የሚያዋጣው እሱ ነው።