ስለ ፀሓይ ኀይልና ስለ ወፍጮ ትርፍ

በአርሲ ደጋ፥ በጮሌ፥ ወፍጮ የሚተክል ሰው የመብራት መሥመር በአጠገቡ ያለፈለት እንደሆነ ከፀሓይ ይልቅ በመሥመሩ ቢፈጭ ይረክስለታል። መሥመር ላልደረሰበት ቀበሌ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን እየቀነሰ ስለ ሄደ ናፍጣ ተወዷል፤ የፀሓይ ሰሌዳ ግን አንድ ጊዜ ከተገዛ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ቶሎ ቶሎ ወጪ የሚያስወጣው ባትሪው ነው። ባለወፍጮ ግን ቀን ስለሚፈጭ ብዙ ባትሪ አያሻውም፤ ለሌሊት የሚቀመጠው ዱቄቱ እንጂ ኀይሉ አይደለምና። ደግሞም 15 ኪሎዋት ለሚስብ ሞተር ባለ 500 ዋት ሰሌዳ 30 ይበቃል የሚል ነጋዴ አይታመን፤ ይህን ያህል ኀይል የሚገኘው በጠራ ቀትር ብቻ ነው። ገብሱና ስንዴው በሚወቃበት በበጋ ፀሓይ አይታጣም፤ በክረምት ደመና ግን ሰሌዳው ይደክማል። ስለዚህ ሹሙ ባለወፍጮውን ሲመክር አሮጌውን የናፍጣ ሞተር ሳይሸጥ ለክረምት እንዲያቈየው፥ ብድርም ቢወስድ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ገቢ አሳንሶ እንዲቈጥር ያስረዳው።