የቮልስ ጭስ የት ይሾልካል?

ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ግን አየሩ ሌላ ይሆናል። ወረታ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ፣ የቮልሱ መስኮት ተከፍቶ ይነዳል። ዳገቱ ሲያልቅ ብርዱ ይቆነጥጣል፤ መስኮቱ ይዘጋና የሙቀቱ እጀታ ይከፈታል። የሾለከ ማርሚታ ሰው የሚጎዳው ያኔ ነው።

የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነውና ተሳፋሪውን የሚያሞቅ የራዲያተር ውሃ የለውም። ሙቀቱ የሚመጣው በጭስ ቧንቧው ዙሪያ ካለፈ አየር ነው። ቧንቧው ከተበሳ ወይም ጓርኒሲዮኑ ካለቀ ጭሱ ከዚያው አየር ጋር ተቀላቅሎ እግርዎ ሥር ይወጣል። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደማችን ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የሚያመጣውን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብዙ ሰው በከፍታው ያሳብባል። ከፍታው በእርግጥ ያባብሰዋል፤ አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ ቤንዚን ያበዛል፣ መርዙም ይጨምራል። ስለዚህ እስኪጠገን ድረስ እጀታውን ዘግተው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ጋቢ ደርበው ይንዱ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው መኪና ቮልስ ነበረች። የዚያ ዘመን ቮልሶች ዛሬም ይነዳሉ፤ የዚህን ያህል የኖረ ብረት ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጭሱ የሚሾልክበትን ቀዳዳ ፍለጋው ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ሰዓት፣ ደጅ ላይ ይሁን። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አያስነሱ። ሲነሳ "ጠክ ጠክ" የሚል ድምፅ ተሰምቶ ሲሞቅ ከጠፋ፣ ቀዳዳው ቧንቧው ከቴስታታው በሚጋጠምበት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱ ሲሞቅ ተለጥጦ ይደፍነዋል። ጥላሸት የጠቆረበትን መጋጠሚያ ሁሉ ይመልከቱ። ከዚያ የሳሙና ውሃ ይቀቡና ረዳትዎ የጭስ መውጫዎቹን በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለአፍታ ይያዝ። አረፋ የሚነሳበት ቦታ የሚፈልጉት ነው።

አሁን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ የዛገ ዳዶ በጉልበት ሲፈታ ቡሎኑ ጥርሱን ይዞ ይነቀላል፤ የአንድ ጓርኒሲዮን ሥራ የነበረው የቴስታታ ሥራ ይሆናል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ቀብተው ሁለት ሌሊት ያሳድሩት። መጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው፣ እንዲህ እያመላለሱ ያላቅቁት። የድሮ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ደረቁን አይፋቁ፣ አቧራውንም አይንፉ፤ በውሃ አርሰው ያንሱት። ፊቱን አጽድተው አዲስ ጓርኒሲዮን ያስገቡ። ዳዶዎቹን በአጭር ቁልፍ፣ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ሳይሄዱ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ።

ማርሚታው ራሱ ከተበሳ ከመኪናው ፈትተው ለበያጅ ይስጡት። እዚያው ተሰክቶ ቢበየድ የካርቡራቶሩ የቤንዚን ጎማ በጣም ቅርብ ነው። መለጠፊያውም የጣሪያ ቆርቆሮ አይሁን፤ ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምማል። መዶሻ ሲነካው የሚሰረጉድ ማርሚታ ከሆነ ግን ብየዳው ከንቱ ወጪ ነው፤ ሌላ ይፈልጉ።

በፎገራ ሜዳ ላይ ለምትነዱ አንድ ነገር ልጨምር። የርብና የጉማራ ውሃ በሞላበት ክረምት ከሥር የተለጠፈው ጭቃ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ማርሚታውን ከውጭ ይበላዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠቡት። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ደግሞ ከውስጥ ይዝጋል፤ ቤንዚን ሲቃጠል የሚፈጠረው ውሃ ሳይተን እዚያው ይቀራልና። ሩዝ በሚታጨድበት ወቅት በደረቅ ገለባ ላይ አያቁሙ፤ የጋለ ማርሚታ ያቀጣጥለዋል።

ከጥገናው በኋላ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ነድተው ያሳድሩት። በማግስቱ ዳዶዎቹን እንደገና ይፈትሹ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን በሙቀት ስለሚተኛ ጥቂት ላልተው ያገኟቸዋል። አጥብቀው የሳሙናውን ውሃ ይድገሙ። ከየትኛውም መጋጠሚያ አረፋ ካልወጣ፣ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጡ የሙቀቱን እጀታ መክፈት ይችላሉ፤ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎ ግን መልሰው ዘግተው መስኮቱን ይክፈቱ።