የወደቀ መንግሥት ታሪክ ያተረፈው ባለቅኔ

መንግሥታት መቼ እንደተነሡና መቼ እንደወደቁ በታሪክ ክፍለ ጊዜ እንማራለን። በመውደቂያቸው ዓመት የተማሩ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ለዚህ ጥያቄ የቻይናዊው ባለቅኔና ሹም የዩዋን ሃዎዌን ሕይወት ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል።

ሃዎዌን እ.ኤ.አ. በ1190 በዛሬው የሻንሺ ግዛት ተወለደ። ጊዜው ጁርቸኖች የመሠረቱት የጂን ሥርወ መንግሥት ሰሜን ቻይናን የሚገዛበት ነበር። በ1214 ሞንጎሎች የትውልድ አገሩን ሲወሩ ታላቅ ወንድሙ ተገደለ፤ ቤተሰቡም ወደ ደቡብ ተሰደደ። እርሱ ግን ትምህርቱን አልተወም። ደጋግሞ ተፈትኖ በ1221 ከፍተኛውን የመንግሥት ፈተና አለፈ፤ ቆይቶም የወረዳ አስተዳዳሪ ሆነ።

በ1233 ዋና ከተማዋ ካይፈንግ ከከባድ ከበባ በኋላ በሞንጎሎች እጅ ወደቀች። ሃዎዌን በከተማዋ ውስጥ ነበር። ከተማዋን ያስረከበውን የጦር አዛዥ ለሚያወድስ የድንጋይ ላይ ጽሑፍ እጁን ሰጥቷል ተብሎ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። በዚያው ዓመት ደግሞ የሞንጎሎቹ ገዢ አማካሪ ለነበረው ለዬሉ ቹጻይ ደብዳቤ ጽፎ፣ የ54 ምሁራንን ስም በመዘርዘር ከጥፋት እንዲጠብቃቸው ለመነ።

በ1234 የጂን መንግሥት ጨርሶ ጠፋ። ሃዎዌን ከዚያ በኋላ ሹመት አልያዘም። የሞቱትንና የተበተኑትን ባለቅኔዎች ሥራ እየሰበሰበ፣ የ250 ያህል ሰዎችን ወደ 2000 የሚጠጉ ግጥሞች ከአጭር የሕይወት ታሪካቸው ጋር «ዦንግዦው ጂ» በተባለ መድበል አኖረ። የቤተ መንግሥቱን መዝገብ ለማየት ቢከለከልም ተስፋ አልቆረጠም፤ በየደረሰበት እየጠየቀ፣ የሰማውን በቁራጭ ወረቀት ሳይቀር እየጻፈ አከማቸ። በ1257 አረፈ። በ1340ዎቹ የጂን ታሪክ በይፋ ሲጻፍ ጸሐፊዎቹ በእርሱ ማስታወሻዎች ተጠቀሙ።

እኛ መምህራን ይህን ሕይወት ስናስተምር ነቀፌታውን አንሸሽግም፤ በአንድ ነቀፌታም የቀረውን አንሰርዝም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ሃዎዌን መንግሥቱን ማዳን አልቻለም፤ የሰዎቹን ስም ግን ከመረሳት አዳነ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ሃዎዌን በ1233 ያደረጋቸውን ሁለት ነገሮች እንዴት ትመዝኗቸዋላችሁ?
2. ከቤተሰባችሁ ታላላቆች አንዱን ጠይቁ፤ እስካሁን ያልተጻፈ አንድ ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ። ወላጆችም በዚህ ሥራ ልጆቻችሁን እንድታግዙ እንጠይቃለን።